ትንሽነቱ ከውሻነት አያወጣውም፦ ስለ ዮርክሻየር ቴሪየር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ዮርክሻየር ቴሪየር ስለሚባለው ትንሽ ውሻ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊዋ ውሻቸውን እንደሚወዱ ከየመስመሩ ይታያል፤ በቋንቋችን ስለ ቤት ውሻ አያያዝ የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑም ጥረታቸው የሚመሰገን ነው። የጽሑፉ ይዘት ባጭሩ የሚከተለው ነው። ዮርኪ (ባለቤቶቹ በቁልምጫ እንደሚጠሩት) ለመኳንንት እመቤቶች መታቀፊያ ተብሎ የተፈጠረ የቤት ጌጥ ስለሆነ ሥልጠናም የእግር ጉዞም አያስፈልገውም፤ «ቲካፕ» የሚባለው እጅግ ትንሹ ዓይነት የተመረጠና የላቀ ዝርያ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ከቤተሰቡ ማዕድ ቢካፈል ይበቃዋል፤ ሲስል ጉንፋን ይዞት ነው፤ ፀጉሩ ስለማይረግፍ አለርጂና አስም ላለበት ሰው ይስማማል፤ ጥርሱን አጥንት ያጸዳለታል፤ ከቤት ስለማይወጣም ክትባቱ ቢቀር ወይም በግማሽ ቢሰጠው ምንም አይደለም። ይህ ሁሉ ከተደረገለት ሃያ ዓመት እንደሚኖርም ጽሑፉ ቃል ይገባል።

ነጥቦቹ የተለያዩ ቢመስሉም ሁሉም የሚቀዱት ትንሽ ውሻ ከሌላው ውሻ የተለየ ፍጡር ነው ከሚል አንድ እሳቤ ነው። የኔ መልስ ዮርኪ በጠባዩም በፍላጎቱም ሙሉ ውሻ፣ ያውም ቴሪየር፣ ማለትም አይጥና መሰል እንስሳ ለማደን ከተረቡት ውሾች አንዱ ነው የሚል ነው። የሰውነቱ ማነስ የሚቀንሰው የእኛን ስህተት የሚሸከምበትን አቅም ብቻ ነው፤ ትልቅ ውሻ በአንድ ቀን ትውከት የሚያልፈው ጥፋት እሱን ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ጽሑፉን ነጥብ በነጥብ የምከተለውም ይህንን ለማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከትውልዱ ልጀምር። ጽሑፉ ዮርኪን የቤተ መንግሥት ልጅ ያደርገዋል፤ የታወቀው ታሪኩ ግን የሚነሣው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ ወደ ዮርክሻየርና ወደ ላንካሻየር የፈለሱ ሸማኔዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ትናንሽ ቴሪየሮቻቸውን ይዘው መጡ። እነዚህ ውሾች በአካባቢው ከነበሩት ጋር ተዳቅለው በፋብሪካዎችና በማዕድን ማውጫዎች ውስጥ አይጥ የሚያድን ውሻ ተገኘ። የዘሩ አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ሃደርስፊልድ ቤን የተባለው ውሻ በ1865 ተወልዶ በ1871 በሠረገላ ተገጭቶ ሞተ፤ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ልጆቹ በዝተው የዛሬውን መልክ ወሰኑ። የአሜሪካ የውሻ ዘር መዝጋቢ ድርጅት ዮርኪን በመዝገቡ ያሰፈረው በ1885 ነው። የእመቤቶች ጉልበት ላይ የወጣው ከአይጥ አደኑ በኋላ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም፤ ሐር የመሰለው ፀጉሩ እየረዘመ ሲሄድም በውስጡ የነበረው ቴሪየር አልተለወጠም።

ለዚህ ከስሞኪ የተሻለ ምስክር የለም። ስሞኪ በ1944 በኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ ተገኝታ ዊልያም ዊን የተባለ አሜሪካዊ ወታደር የገዛት፣ ክብደቷ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ዮርኪ ነበረች። በፊሊፒንስ በሊንጋየን የአውሮፕላን ማረፊያ ከመንደርደሪያው ሥር የስልክ ሽቦ ማሳለፍ ባስፈለገ ጊዜ ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ፣ በየቦታው አፈር በሞላው ቱቦ ውስጥ ሽቦውን እየጎተተች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተሻገረች። ይህን ያደረገችው ደግሞ ዊን ከቱቦው ማዶ ሆኖ ሲጠራት ትእዛዝ ሰምታ የምትመጣ፣ በሚገባ የሠለጠነች ውሻ ስለነበረች ነው። «ዮርኪ ለሥልጠና አይሆንም» ለሚለው የጽሑፉ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሌላ መልስ የምጨምር አይመስለኝም።

ጠባዩን በተመለከተ ጸሐፊዋ ውሻቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚጮኸውን ጩኸት «ቅናት»፣ ከሶፋው ሊያነሡት ሲሞክሩ ጥርሱን ማሳየቱን ደግሞ «ኩራት» ብለውታል። ሁለቱም ያልተገራ የቴሪየር ጠባይ ናቸው። ዮርኪ ንቁ፣ ደፋር፣ ድምፅ ፈጥኖ የሚሰማና ያየውን ለመንገር የማይሰንፍ ውሻ ነው፤ ሲጮህ ወዲያው የሚታቀፍ ከሆነ የተማረው ነገር መጮህ እንደሚያስታቅፍ ነው። በልጅነቱ ከተለያዩ ሰዎች፣ ድምፆችና ረጋ ካሉ ውሾች ጋር ቢለማመድ፣ ዝም ሲል በትንሽ ቁራሽ ቢሸለም፣ ከሶፋ መውረድን በግፊያ ሳይሆን በጥሪ ቢማር አብዛኛው ችግር አይፈጠርም። ዱላና ጩኸት ፈሪ ውሻ ያወጣሉ፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ትልቅ ውሻ ቢያደርገው የማንታገሠውን ነገር ሁሉ ይህ ትንሽ ውሻ ሲያደርገው ስለሚያምርብን ብቻ እንደምንስቅበት ማስተዋል ይገባል። የእግር ጉዞውም ቅንጦት አይደለም፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል እየተራመደ ማሽተት፣ ከዚያም በቤት ውስጥ መጫወት ያስፈልገዋል። በኮንዶሚኒየም ቀኑን ሙሉ ተዘግቶበት የሚውል ዮርኪ የሚጮኸው ሥራ ፈትቶ ነው።

ጽሑፉ ለትናንሽ ልጆች ተስማሚ ጓደኛ ነው ማለቱ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል። የዮርኪ የፊት እግር አጥንት ቀጭን ነው፤ ከሕፃን እቅፍ ሲወድቅ ወይም ከሶፋ ሲዘል ከአንጓው ከፍ ብሎ ይሰበራል። በትናንሽ ዘሮች በዚያ የአጥንቱ ክፍል ያለው የደም ሥር ትንሽ በመሆኑ ስብራቱ ቶሎ አይገጥምም፤ በጄሶ ወይም በቀርከሃ ታስሮ የተተወ ስብራት ብዙ ጊዜ ሳይገጥም ይቀራል፤ ስለዚህ በብረት የሚደገፍ ቀዶ ሕክምና ይሻል። ልጅ ባለበት ቤት ደንቡ ቀላል ነው፤ ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጫወት፣ ቆሞ አይቀፈው። ጸሐፊዋ ውሻቸው ሲሮጥ የኋላ እግሩን አንሥቶ በሦስት እግር ሦስት አራት ጊዜ መዝለሉን «የደስታ ጭፈራ» ማለታቸውም መታረም አለበት። ይህ የጉልበት ሎሚው ከቦታው ሲወጣና ሲመለስ የሚታይ የተለመደ ምልክት ነው። ችግሩ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ቀላሉ በክብደት ቁጥጥርና በክትትል ይያዛል፣ ከባዱ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ያለ ቡችላ ደግሞ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ የኋላ እግር ማነከስ ካሳየ የጭን አጥንቱ ራስ የደም አቅርቦት አጥቶ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል የራጅ ምርመራ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ «ቲካፕ» ልምጣ፤ በጽሑፉ ውስጥ አንባቢን ገንዘብም ሐዘንም የሚያስከፍለው ክፍል ይህ ነው። «ቲካፕ ዮርኪ» የሚባል ዝርያ በየትኛውም የታወቀ የዘር መዝገብ የለም። የአሜሪካውም ሆነ የእንግሊዙ መመዘኛ የሚለው የዮርኪ ክብደት ከ3.2 ኪሎ አይብለጥ ነው፤ ከዚያ በታች የተለየ ክፍልም የተለየ ስምም አልተሰጠም። ስሙ የገበያ ስም ነው፤ ዋጋውንም የሚያወጣው ሻጩ ነው። እንዲህ ያሉ ቡችሎች የሚገኙት ከየወሊዱ ቀጫጮቹን መርጦ እርስ በርስ በማዳቀል ነው፤ አንዳንዴም ገና ከእናቱ መለየት የሌለበትን የአምስት ሳምንት ቡችላ የአሥር ሳምንት ነው ብሎ በመሸጥ ነው። በተፈጥሮው ትንሽ ሆኖ ጤነኛ የሚሆን ውሻ መኖሩን አልክድም፤ ስሞኪ ራሷ እንዲያ ነበረች። ትንሽነትን ዓላማ አድርጎ ማርባት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቲቱ የቡችላው ጭንቅላት በዳሌዋ ስለማያልፍ በቀዶ ሕክምና ትገላገላለች፤ ቡችላው እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቀራል፣ አንዳንዱም በጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል፤ ጥርሶቹ ይደራረባሉ።

ጸሐፊዋ እንደ ምሳሌ ያቀረቡት የገዛ ቡችላቸውን ነው። በስድስት ወሩ አንድ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ «ጨዋ» ነው፤ ከበላ በኋላ ፈዝዞ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ያለምክንያት ይዞራል፣ ለሃጩም ይዝረበረባል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ደነገጥኩ። ጸሐፊዋ ውሻቸውን ሳያሳዩኝ በሽታውን ልናገር አልችልም፤ ነገር ግን የጻፉት ዝርዝር በዮርኪ ዘር ከሌሎች ዘሮች እጅግ በልጦ ከሚታይ አንድ የትውልድ ችግር ጋር ይመሳሰላል። በጤነኛ ውሻ ከአንጀት የሚመጣው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ውስጥ አልፎ ይጣራል። አንዳንድ ቡችሎች ግን ከውልደታቸው ጀምሮ ይህን ደም ጉበትን አሳልፎ በቀጥታ ወደ ዋናው የደም ዝውውር የሚያስገባ ትርፍ የደም ሥር አላቸው። ከምግብ በኋላ የሚፈጠረው አሞኒያና ሌላውም መርዝ ሳይጣራ አንጎል ይደርሳል፤ ለዚህ ነው ምልክቱ ከምግብ በኋላ የሚጎላው። ጉበቱ በቂ ደም ስለማያገኝ አያድግም፤ ቡችላውም ይቀጭጫል፤ በሽንት ፊኛው ውስጥ ጠጠር ሊፈጠር ይችላል፤ ሲብስ የሚጥል በሽታ ያስይዘዋል። በሌላ አነጋገር ሻጩ «ተመርጦ የተረባ ትንሽ» ብሎ ያስወደደው ቡችላ አንዳንዴ የታመመ ቡችላ ነው።

ደግነቱ ይህ ሊመረመርና ሊታከም የሚችል ነው። የእንስሳት ሐኪም በባዶ ሆድ አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ጊዜ ደም ወስዶ በውስጡ ያለውን የሐሞት አሲድ መጠን ይለካል፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን የደም ሥሩ ይፈለጋል። ሕክምናው ትርፉን የደም ሥር ቀስ በቀስ የሚዘጋ ቀለበት ወይም ማሰሪያ በቀዶ ሕክምና ማኖር ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በማይቻልበት ቦታ ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ፣ ሐኪሙ የሚያዘው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የተመጠነ የፕሮቲን ምግብ ለብዙ ጊዜ ያቆዩታል። ዮርኪ የሚገዛ ሰው ከዋጋ ክርክር በፊት እናቲቱን በዓይኑ ማየት፣ የቡችላውን የልደት ቀን ማረጋገጥ፣ ይህ የደም ምርመራ ተደርጎ እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። «የምርመራ ወጪ ከየት ይመጣል» የሚል አርቢ ለቲካፕ የሚጠይቀውን ዋጋ ቢያስብ ለራሱ መልስ ያገኛል።

በምግቡ ላይ ጽሑፉ የሰጠው ምክር ሁለት ችግር አለበት፤ አንዱ ጊዜው፣ ሁለተኛው የሚቀርበው ነገር። የዮርኪ ቡችላ ጉበቱ ትንሽ፣ ጡንቻው ጥቂት በመሆኑ ስኳር የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም። ለረጅም ሰዓት ካልበላ፣ ከበረደው ወይም ቤት ቀይሮ ከተጨነቀ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ መጀመሪያ ይደክማል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ እስከ አራት ወር ድረስ ቢያንስ በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ፣ ካደገ በኋላም ሁለት ጊዜ ይብላ እንጂ አንድ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ምልክቱ ከታየ ጥቂት ማር ወይም በውኃ የተበጠበጠ ስኳር በጣት ድዱ ላይ ይቀባል፤ ራሱን በሳተ ውሻ አፍ ውስጥ ግን ፈሳሽ ማፍሰስ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ክልክል ነው። ማሩ ወደ ሐኪም እስኪደርስ የሚያቆየው ነው፤ ቢነቃም ምክንያቱ መታየት አለበት።

ጸሐፊዋ «በርበሬው በውኃ ከታጠበለት ዶሮ ወጥ ይወዳል» ይላሉ። እንደሚወድ አልጠራጠርም። የወጣችን ጉዳት ግን ከበርበሬው ይልቅ በሽንኩርቱ ነው፤ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም የሚሆን ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። ይህም ለሦስት ኪሎ ዮርኪ 45 ግራም፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው፤ ቁሌቱ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው አንድ ጭልፋ ወጥ ውስጥ ያለውን ማስላት አያቅተውም። በፆም ወቅት ለውሻው የሚደርሰው ሽሮም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ከዚህ አይለይም። በበዓል የሚወረወርለት የሥጋ ጮማና በቅቤ የራሰ ፍትፍት ደግሞ ቆሽቱን ያስቆጣበታል፤ ዮርኪ ለቆሽት መቆጣት የተጋለጠ ዘር ነው፤ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ምግብ መጥላትና ጀርባን አጉብጦ መቆም ከታየ ጊዜ አይሰጥም። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት እንዲሁም በማስቲካና «ስኳር የለሽ» በሚባሉ ጣፋጮች የሚገባው ዛይሊቶል ከእነዚህ ጋር ይቆጠሩ። ለትናንሽ ዘሮች የተዘጋጀ ሙሉ ደረቅ ምግብ በዋጋም በአቅርቦትም እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ለጊዜው ይተካዋል። ለወራት ብቻውን ከቀጠለ ግን ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ስለሚጎድሉት ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ሳሉን ጉንፋን ያሉበት ነጥብ በእኔ ግምት በጽሑፉ ውስጥ አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም ከተሳሳተ ምርመራ አልፎ የሰው መድኃኒት ያዝዛል። የውሻ የአየር ቧንቧ የሚቆመው ጀርባቸው ባልገጠመ የጮርቃ አጥንት ቀለበቶች ነው። በዮርኪ እነዚህ ቀለበቶች ከዕድሜ ጋር፣ አንዳንዴም በወጣትነቱ፣ እየላሉ ይጠፈጠፋሉ፤ ቧንቧው ሲጠብ ደረቅና የዝይ ጩኸት የመሰለ ሳል ይወጣዋል። ውሻው ሲደሰት፣ ማሰሪያውን ሲጎትት፣ ውኃ ሲጠጣ፣ ሲሞቀው ይብስበታል። የልብ ቫልቭ መድከም፣ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንም ሆነ ትላትል ሊያስሉት ስለሚችሉ የሚለየው ሐኪም በራጅና በሌላ ምርመራ ነው። ከዚህ ሁሉ የተለየና ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ አለ፤ ውሻው አንገቱን ዘርግቶ አየር በአፍንጫው እያንኮራፋ ወደ ውስጥ ሲስብ ለጥቂት ሴኮንዶች ይቆያል፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ይህ የተገላቢጦሽ ማስነጠስ ነው፤ አልፎ አልፎ ከሆነ አያሳስብም።

የቧንቧው መላላት አይድንም፣ ይያዛል እንጂ። መጀመሪያ የአንገት ማሰሪያው ወጥቶ በደረት ላይ የሚታሰር ሃርነስ ይግባ፤ ይህ ለታመመውም ላልታመመውም ዮርኪ ነው። ሁለተኛ ክብደቱ ይቀነስ፤ ለሦስት ኪሎ ውሻ 300 ግራም መጨመር የሰውነቱ አንድ አሥረኛ ነው፣ የባለቤቱ ዓይን ግን አያየውም። ሦስተኛው በኛ ቤት ልዩ ትኩረት የሚሻው ጭስ ነው። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን፣ የከሰል ምድጃው፣ ሲጋራው፣ ሁሉም ያን የጠበበ ቧንቧ ያስቆጡታል፤ ውሻውም ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከምድጃው ጎን ስለሚተኛ ጭሱን በቅርብ ይስባል። ቡናው እስኪያልቅ ሌላ ክፍል ይቆይ። ከዚህ በላይ ያለውን፣ ማለትም የሳል ማስታገሻውን፣ የቧንቧ ማስፊያውን፣ በከባዱ ደረጃ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ የሚገባውን የሽቦ ድጋፍ ሐኪሙ ይወስናል። ድዱና ምላሱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ጸሐፊዋ ለዚህ ሳል «አንድ አይቡፕሮፌን»፣ ማለትም የሰው የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ ይመክራሉ። ስሌቱን እናድርገው። የ200 ሚሊ ግራም አንድ ክኒን ለሦስት ኪሎ ውሻ በኪሎ 67 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ያህል ለመድረስ 20 ክኒን ባንድ ጊዜ መዋጥ አለበት። ውሻ ደግሞ አይቡፕሮፌንን ከሰው ያነሰ ይችላል፤ በዚህ መጠን ጨጓራው ይቆስላል፣ እየጨመረ ሲሄድ ኩላሊቱም ይጎዳል። ክኒኑን የሰጠው ሰው ፍቅር እንጂ ክፋት የለበትም፤ ችግሩ መለኪያው ነው።

ስለ ፀጉሩ ጸሐፊዋ በከፊል ልክ ናቸው። ዮርኪ ከሥር የሚያሞቅ ሁለተኛ ፀጉር ስለሌለው ብርድ ይጎዳዋል፤ በአዲስ አበባ ክረምት ሹራብ ማልበሳቸው ተገቢ ነው። ፀጉሩም ያለማቋረጥ ስለሚያድግ ጥቂት ብቻ ይረግፋል፤ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ አጭር ተደርጎ ቢቆረጥም አይጎዳውም። ለጋ ቅቤ መቀባቱ ግን ይቅር፤ ውሻው ልሶ ይጨርሰዋል፣ ቆሽቱም ያንኑ ስብ ያገኘዋል። ወደ አለርጂው ስንመጣ፣ የሚያስነጥሰው ፀጉሩ ሳይሆን በምራቁና በቆዳው ብናኝ ያለው ፕሮቲን ነው። በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት አለርጂ አያስነሡም የሚባሉ ዘሮች ያሉባቸውን ቤቶች አቧራ ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም፤ በ2012 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ያወጡትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አስም ያለበት ሰው ከመግዛቱ በፊት ከዚያው ውሻ ጋር ደጋግሞ ሰዓታት ያሳልፍ፣ ሐኪሙንም ያማክር።

አጥንት ጥርስ ያጸዳል መባሉን በተመለከተ፣ የበሰለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ጠንካራው ደግሞ የላይኛውን ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ይሰብራል። ዮርኪ እንደ ማንኛውም ውሻ 42 ጥርሶች አሉት፣ የሚሰፍሩት ግን በጣት በምትያዝ መንጋጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ የድድ በሽታ ይፈጥንበታል። የወተት ጥርሶቹም ብዙ ጊዜ ሳይወልቁ ይቀራሉ፤ በሰባተኛው ወር ሁለት የዉሻ ክራንቻ ጎን ለጎን ቆመው ከታዩ አሮጌው መነቀል አለበት። መፍትሔው ለውሻ በተዘጋጀ ሳሙና በየቀኑ መቦረሽ ነው፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ውሻው ስለሚውጠው አይሆንም። ጸሐፊዋ «ትንሽ ውሻ ከማደንዘዣ አይነቃም» ብለው የሐኪም ማጽዳትን ከልክለዋል። በ2008 በብሪታንያ የታተመው ትልቁ ጥናት በማደንዘዣ ሳቢያ የሞቱት ውሾች 0.17 በመቶ፣ ከጤነኞቹ መካከል ደግሞ 0.05 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። ከአምስት ኪሎ በታች ያሉት አደጋቸው ከፍ እንደሚልም ያው ጥናት ስለሚናገር ስጋታቸው ከምንም አልተነሣም። ይህ የሚያስፈልገው ጥንቃቄን ነው፦ አስቀድሞ የጉበት ምርመራ፣ በትክክል የተለካ ክብደት፣ አጭር የጾም ሰዓት፣ ከሥሩ ማሞቂያ፣ የስኳር ክትትል። የበሰበሰ ጥርስ ይዞ መኖር ደግሞ ከማደንዘዣው የቀለለ አደጋ አይደለም።

ሃያ ዓመት ስለተባለው፣ በ2022 በብሪታንያ የወጣ ስሌት የዮርኪን አማካይ የሕይወት ዘመን 12.5 ዓመት ገደማ አድርጎታል። ከዚያ የሚያልፍ አለ፤ ቃል የሚገባበት ግን አይደለም።

የመጨረሻው ክትባት ነው። «ከቤት አይወጣም» የሚለው ምክንያት ውሻውን ካለማወቅ የመጣ ነው። ዮርኪ በር በተከፈተ ቁጥር የሚሾልክ፣ አሥር እጥፍ ከሚበልጠው የሰፈር ውሻ ጋር ለመጣላት የማያመነታ ቴሪየር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሰውም በውሻም የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው 99 በመቶ ውሻ ነው፤ በሀገራችንም ዛሬ ድረስ ሰው ይገድላል። ፓርቮ የተባለው የውሻ አንጀት በሽታ ደግሞ ውሻው እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ቫይረሱ በአፈር ላይ ለወራት ስለሚቆይ በባለቤቱ ጫማ ይገባል። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታም አለ፤ አይጥ ለማደን የተረባ ውሻ አይጥ ባለበት ቤት ከዚህ ነጻ ነው ማለት ያስቸግራል። ቡችላው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ፣ 16ኛ ሳምንቱ እስኪያልፍ ድረስ ይከተብ።

ግማሽ መጠን መስጠት የተባለው ርኅራኄ የሚመስል ስህተት ነው። የክትባት መጠን እንደ ክኒን በኪሎ አይሰላም፤ የሰውነትን መከላከያ ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው፤ በግማሽ የተከተበ ውሻ ያልተከተበ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊዋ የሰሙት ስጋት እውነት አለው፤ በ2005 በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ውሾችን የተመለከተ ጥናት በክትባት ማግስት የሚታይ እንደ ፊት ማበጥና ትውከት ያለ ችግር ከ10,000 ውሾች በ38ቱ ገደማ እንደታየ፣ ትናንሾቹ ላይ እንደሚበዛ፣ በአንድ ቀን የሚሰጡት ክትባቶች ቁጥር ሲጨምር እንደሚጨምርም አሳይቷል። ከዚህ የሚከተለው ብልቃጡን ለሁለት መክፈል አይደለም፤ ክትባቶቹን በተለያየ ቀጠሮ ማከፋፈል፣ ከተከተበ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕክምናው ቦታ መቆየት፣ ቀድሞ ያበጠ ፊት ወይም ትውከት ታይቶበት ከነበረም ለሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮ በክትባት ደብተሩ ላይ ማስጻፍ ነው።